ነጭ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የቤቴ መስኮት ከሩቅ አብለጨለጨብኝ... በደባርቅ አቧራ የኔ መስኮት እንዲህ አብለጭልጮ አያውቅም።

በማግስቱ የልጄ የማስተዋል መንፈቅ ነው። ካረፈች ስድስት ወር መሙላቷ ነው። ሰው ስለሚመጣ ቤቱን ላጸዳ ብዬ ሎሚ ልገዛ ወጥቼ ነበር፤ ከአዲ አርቃይ የመጣ ውሃ የቋጠረ ሎሚ አለ ብለውኝ።

ሎሚና ጽዳት ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ማስተዋል ሳንባዋን ታማ ሳለች የበረኪና ሽታ ያፍናት ነበር። አንድ ቀን ወለሉን በበረኪና ወልውዬ፣ እስክትዝል ድረስ ስላሳላት፣ ጠርሙሱን አውጥቼ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ቤቴን የማጸዳው ራሴ በምሠራው ነው። አመድ ነፍቼ ውሃ ውስጥ አሳድረውና በአሮጌ ነጠላ አጠልለዋለሁ፤ የድስት ቅባት ያስለቅቃል። የሎሚ ልጣጭ ደግሞ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይና በውሃ አቅጥኜ ጠረጴዛና ወለል እወለውልበታለሁ። ሳሙና ሲወደድ ጎረቤቶቼም እየመጡ መውሰድ ጀመሩ። ጠርሙሶቹ እንዳይምታቱብኝ አንገታቸው ላይ ክር አስራለሁ። ጥቁር ክር የአመዱ፣ ቢጫ ክር የሎሚው።

ነጭ ክር ያሰርኩበት ግን ጸበል ነው።

ማስተዋል የጠናባት ሳምንት ሊማሊሞን ቁልቁል ወርጄ ያመጣሁላት ነው። ስመለስ ዳገቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘጋውና ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ ቆምን። ጠርሙሱን ጉያዬ ውስጥ ይዤ ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል... አልደረስኩላትም። ከዚያ በኋላ ጸበሉን ልጠጣውም አልቻልኩ፣ ላፈሰውም አልቻልኩ። መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ አጠገብ ተቀመጠ።

ቤት ስገባ ዘርፌ ጨርቅ ይዛ መሀል ወለሉ ላይ ቆማለች። ዘርፌ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ስወጣ ቁልፌን ለሷ ነው የምተወው። የልጄን ገላ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበችውም እሷ ናት፤ የኔ እጅ እምቢ ብሎኝ።

«እቴ፣ ይኼ ያንች ሥራስ ጉድ ነው!» አለችኝ። «መስታወቱን እዪው እስቲ! ሽታ የለው፣ አረፋ የለው... ምን ጨምረሽበት ነው? ለኛ ሌላ ሌላውን እየሰጠሽ ጥሩውን ለራስሽ ደብቀሻል፤ አንች ንፉግ!»

«የቱን?»

«ነጩን ነዋ! ጥቁሩ ለድስት፣ ቢጫው ለወለል ካልሽኝ፣ ነጩ ለመስታወት ነው ብዬ። የተረፈችውንም ወለሉ ላይ ደፋኋት፤ አትቆጪኝ።»

ጠርሙሱ ባዶውን መስኮቱ ላይ ተዘቅዝቆ አየሁት።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እግሯን አየሁ። ወለል ስትወለውል ጫማዋን ታወልቃለች፤ እርጥቡ ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። ጸበል እግር አይረግጠውም። ዘርፌ ደግሞ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ናት። ብነግራት ይህን ተሸክማ ትኖራለች። ባልነግራት ደግሞ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይሻክርባታል፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

«ዘርፌ... ጸበል ነው» አልኳት። «ለማስተዋል ያመጣሁት።»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ያቺ ወገቤን ጉልበቴን ስትል የምትውል ሴት እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ወንበር ላይ ወጥታ አገኘኋት።

«እግሬን! እግሬን ምን ላድርገው?»

«ዘርፌ፣ ትወድቂያለሽ!»

«አንችም ውጪ! አንችም እየረገጥሽው ነው!»

«የት ልውጣ?»

በድንጋጤ ዘወር አልኩና አጠገቤ ያለው ነገር ላይ ወጣሁ። የማስተዋል አልጋ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ እኔም አልተቀመጥኩበት፣ ሰውም አላስቀመጥኩበት... ከነጫማዬ መሀሉ ላይ ቆሜያለሁ። ዘርፌ ከወንበሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ግድግዳ አስደግፋ፣ በጨርቁ የወለሉን ውሃ እየመጠጠች ባልዲ ውስጥ ትጨምቃለች። እየጨመቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች «አውጣኝ ጌታዬ» ትላለች።

ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፣ አልያዝ አለኝ። ዘርፌ ቀና ብላ አየችኝና «ሐዘን ያሳብዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር» ብላ እሷም ሳቀች። ሁለታችንም እንባችንን እየጠረግን...

በዚህ መሀል የነፍስ አባታችን ስለ ነገው ጸሎት ሊነጋገሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን አገኛችሁ? አይጥ ነው?»

«አባ፣ አይግቡ! እንዳይረግጡት!» ብላ ዘርፌ ጮኸች።

እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙን። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። ይሳቁ ይዘኑ አላወቅሁም።

«ሳታውቂ ያደረግሽው ነው፤ አይዞሽ ልጄ» አሏት። «ሰብስቡና እግር የማይረግጠው ቦታ አፍስሱት።» ከዚያ መስኮቱን አይተው «መቼም ጠርቷል» አሉ።

ቀስ ብለን ከወለሉ ጨምቀን ጨምቀን፣ ግማሽ ባልዲ የማይሞላ ግራጫ ውሃ ወጣው።

«እግር የማይረግጠው የት አለ?» አልኳት።

ዘርፌ ባልዲውን አነሳች። «እሷው ዘንድ እንውሰደው» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመቃብሯ ራስጌ አፈሰስነው። የቤቴ አቧራ የገባበት ውሃ ነበር፤ አፈሩ ግን ወዲያው ጠጣው። ዘርፌ ባልዲውን ዘቅዝቃ የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቀች፤ እኔም አብሬያት ጠበቅሁ።

ለካ ስድስት ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው የኖርኩት መዘግየቴን ነበር...