ዓይን ተጨፍኖ የተገኘ የምስክር ወረቀት

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር፤ ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ይሻላል። እትዬ ቆይ ለሕፃናት የመረጠችው ጨዋታ ከትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጠፋ የሚያዘው ወረቀት ላይ ከፈረሙት አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

እትዬ ቆይ የወላጆቿ ስም አይደለም፤ ሕፃናቱ ናቸው ያወጡላት። አንዱ ልጅ ጨዋታው መሐል ተጣብቆ “እትዬ፣ አልሄድ አለኝ!” ሲላት መልሷ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ “ቆይ።” ልጁ ይቆያል፣ ስክሪኑን ያያል። እሷም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትጠብቃለች። በሩ ላይ “ትልቅ ሰው የሚገባው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው” የሚል ወረቀት ለጥፋለች። እውነቷን ነው። ትልቅ ሰው ሕፃን ሲቸገር ካየ ማውሱን ካልነጠቀ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ አባርራኛለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበረች። የጽሕፈት መኪናው ጡረታ ሲወጣ እሷንም አብረው ሊሸኟት ፈልገው ነበር። “ያረጀው መኪናው ነው፣ እኔ መች አረጀሁ?” አለችና ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበትን ክፍል ቁልፍ ተቀበለች። የአንደኛ ክፍል ልጆች በሳምንት ሁለት ጊዜ እሷ ዘንድ ይመጣሉ።

የጨዋታ አመራረጧ ለብቻው ወግ ይወጣዋል። ቤቷ ወስዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሷ ያልተጫወተችውን ለልጅ አትሰጥም። ባሏ “ሚስቴ ድስት አሳርራ ኮምፒውተር ላይ ዶሮ ታሻግራለች” እያለ ለጎረቤት ይከሳታል። በሰዓት የሚያጣድፈውን ጨዋታ ትጥላለች፤ ልጅ ሲሳሳት የሚስቅበትን ደግሞ አንድ ቀን ሳታሳድር ትመልሳለች። አንዴ ቀለሙ ዓይን የሚስብ፣ ሙዚቃው የሚያስጨፍር ጨዋታ አምጥቼላት ነበር። ልጁ ገና ሳያስብ ቀስት ብቅ እያለ መንገዱን ያሳየዋል። “ታዲያ ለልጁ ምን ተረፈለት?” ብላ መለሰችልኝ።

ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈችው የዶሮዋ ጨዋታ ናት። ወንዝ ሞልቷል፤ ዶሮ አምስት ጫጩቶቿን ይዛ መሻገር አለባት። ሳንቃው አጭር ነው፣ ባልዲው ቀዳዳ ነው፣ ፍየሉ እልኸኛ ነው። መሻገሪያው ግን አንድ ብቻ አይደለም። እትዬ ቆይ ሦስት መንገድ አግኝታለች። ልጆቹ ሰባት አደረሱት።

ዳይሬክተሩ ደግሞ “ፈጣኑ ተማሪ” የሚባል ነገር አመጣልን። ጥያቄ ይመጣል፣ አራት መልስ ይቀርባል፣ ከአንድ እስከ አራት ካሉት ቁልፎች አንዱን መምታት ነው። ትክክል ከሆነ ጥሩምባ ይነፋል። ሃያ ጥሩምባ ያስነፋ ልጅ የዳይሬክተሩ ፊርማ ያለበት የምስክር ወረቀት ከፕሪንተሩ ይወጣለታል።

“ወላጅ በእጁ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል” አለን ስብሰባ ላይ። “ልጆቻችሁ ዶሮ ሲያሻግሩ ዋሉ ልበላቸው?”

ሳቅን። ስቀንም ፈረምን፦ ዳይሬክተሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የወላጆች ተወካይ የሆነው አናጢ፣ እና እኔ የሒሳብ አስተማሪው። ከአምስታችን የኮሚቴ አባላት ያልፈረመችው እትዬ ቆይ ብቻ ነበረች።

“እትዬ፣ እምቢ ካሉ መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል” አላት ዳይሬክተሩ።

“መዝገብ ቤት ውሰዱኝ፣ እሄዳለሁ። ዶሮዋን ግን በእጄ አላጠፋትም።”

ኮሪደሩ ላይ ደርሳ ያዘችኝ። “አንተ፣ ሁለቱንም ተጫውተሃቸዋል?”

“አልተጫወትኩም፣ እትዬ።”

“ታዲያ ምን አይተህ ፈረምክ?”

ትቻት ሄድኩ። ያን ቀን በእሷ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር።

አዲሱ ጨዋታ ለአንድ ሳምንት ተሞከረ። ቅዳሜ ወላጆች ተጠርተው ክፍሉ ጢም አለ። ሰኞ ደግሞ ዶሮዋ ትጠፋለች፣ እትዬ ቆይም ወደ መዝገብ ቤት ትዛወራለች። ልጆቹ ተራ በተራ ተቀመጡ፤ ጥሩምባው ነፋ፣ ወላጅ አጨበጨበ፣ ዳይሬክተሩ ክራቫቱን አስተካከለ። ይኼኔ እትዬ ቆይ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች።

“እኔም ልፈተን” አለች። ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በሻሹ ዓይኗን ጥፍር አድርጋ አሰረች።

“እትዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?” አላት ዳይሬክተሩ።

“ታይፒስት ነኝ እኮ። ዓይን ጨፍኖ መምታት ሙያዬ ነው።”

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መታች። ጥሩምባ። አንድ፣ ሁለት። ጥሩምባ። ሲሳሳቱ ምንም አይመጣም፤ ጥያቄው እዚያው ቆሞ የሚቀጥለውን ቁልፍ ይጠብቃል። ወላጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ አሥረኛው ጥሩምባ ላይ ሳቁ ቀረ። ሃያው ሲሞላ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ተፋው። አናጢው አነሳና ጮክ ብሎ አነበበው፦ “ጎበዝ! በማስተዋል ስለሠራህ ይህ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶሃል።”

“አንድም ጥያቄ አላየሁም” አለች ሻሹን እየፈታች። “ልጆቻችሁም ከማክሰኞ ወዲህ አያዩም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይመታሉ። ሞኞች አይደሉም፣ ቶሎ ገባቸው።”

ከዚያ ለአናጢው ልጅ ዶሮዋን ከፈተችላት። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንዙን አየች፣ ሳንቃውን አየች፣ ማውሱን ሳትነካ ቆየች። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። አባትየው አላስቻለውም፤ ጎንበስ ብሎ “እማዬ፣ ሳንቃውን በ…” ሲል ልጅቷ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሳ ተቆጣችው።

“አባዬ፣ ቆይ! እጅህን ወደ ኋላ!”

አናጢው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ልጅቷ ቀዳዳውን ባልዲ ገልብጣ ወንዙ መሐል ተከለችው፤ ሳንቃውን ከዳር እስከ ባልዲው ዘረጋች፤ ዶሮዋና ጫጩቶቹ ባልዲው ላይ ሲሰበሰቡ ሳንቃውን ስባ ወደ ማዶ አዞረችው። ስምንተኛ መንገድ።

“ምሰሶ” አለ አባትየው ለራሱ። “ምሰሶ እኮ ነው የሠራችው። ማን አሳያት?”

ማንም አላሳያትም። እኔ እዚያ ቆሜ አፈርኩ፤ አስተማሪ ነኝ ብዬ ደመወዝ የምበላ ሰው፣ ሳላይ ፈርሜ። ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩና “ወረቀቱን ስጠኝ” አልኩት።

“አሁን ስብሰባ ላይ አይደለንም።”

“ስጠኝ!”

ፊርማዬን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ዞር ስል አናጢው ከኋላዬ ቆሞ እስክሪብቶውን ይጠብቃል። ገንዘብ ያዡ ኮርኒሱን ማየት ያዘ። ሦስት ለሁለት ሆንን፤ ዶሮዋም እሷም ባሉበት ቀሩ።

ዳይሬክተሩ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። አፍንጫውን ይላስ።

ሰኞ ተማሪዎቹ ሲወጡ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ክፍሏ በር ላይ ቆምኩ። የምስክር ወረቀቷን በሩ ላይ ለጥፋዋለች። በአገጯ ትንሿን ወንበር አሳየችኝ፤ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከፍየሉ ጋር ታገልኩ።

“እትዬ፣ አልሄድ አለኝ” አልኳት።

“ቆይ” አለችኝ። ቆየሁ።