የእትዬ ሙሚና ፍርደኛ

ግንቦት 14 ቀን 1974 ዓ.ም. ጠዋት፣ እህል ገበያው ጎጃም በረንዳ ውስጥ እትዬ ሙሚና በሚቀመጡበት ቦታ አፉ ሳይዘጋ የቀረ ጆንያ ተገኘ። መርፌው እንደተሰካ ነበር። ሰፊዋ ግን ማታ እንደተኙ አልነቁም።

እትዬ ሙሚና ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን የተቀደደ ጆንያ ሲጥፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው በሞት ቀድመዋቸዋል። አንድ ልጃቸው ሙነወር ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ሞቷል ብሎ ያረዳቸውም፣ አለ ብሎ ያበሠራቸውም የለም። ስለዚህ ለቅሶም አልተቀመጡ። ነጋዴው ጆንያውን ጥሎ ይሮጣል፣ አንስቶ ይሮጣል፤ ሰላምታው እንኳ ከጀርባው ነው የሚሰማው። ምሳቸውን ወደ ግድግዳ ዞረው ይበላሉ።

ኅዳር ላይ ይመር የሚባል ተሸካሚ፣ እሳቸው ጥፈው የጨረሱትን እስር ጆንያ በትከሻው አድርጎ ሲወጣ ተያዘ። የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሊያስረው ሲል እትዬ ሙሚና ከኋላ ተነሡ።

«ቢታሰር እኔ ምን አገኛለሁ? የወሰደው የእጄን ሥራ ነው፤ በእጁ ይካሰኝ።»

ሸንጎው ተስማማ፤ ይመር ከጎናቸው ተቀምጦ እንዲጥፍ ተፈረደበት። እስከ መቼ ለሚለው ግን ቀን አልቆረጡም። የካሳን ልክ የሚያውቅ ተበዳይ ነው ብለው፣ «እትዬ ሙሚና በቃኝ እስኪሉ» አሉ። ስህተታቸው ይህ ነበር።

ሰፈሩ ሳቀ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ስለነበር፣ የሚያልፈው ሁሉ «ቁራኞች! ነጠላውንስ አትቋጥሩም?» ይላቸዋል።

«ይሄ ቀዳዳ ጋቢ በምኑ ይቋጠራል?» ይላል ይመር። አፉ አያርፍም። መጀመሪያ መርፌው ጣቱን ሲወጋው ይራገም ነበር፤ ውሎ አድሮ እየሰፋ ያወራ ጀመር። ስለ ገበሬ፣ ስለ በቅሎ፣ ክብደት ስለሚሰርቅ ሚዛን። እትዬ ሙሚና ይስቃሉ። ምሳ በአንድ ሰሐን ሆነ፤ ወደ ግድግዳው መዞርም ቀረ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ጓድ ኃይለየሱስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ይጠይቃቸዋል።

«እትዬ ሙሚና፣ ገና አልበቃዎትም?»

«ስፌቱ ይላላል።»

አይላላም። ብቻቸውን ሲሆኑ በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪደክማቸው ስበውታል፤ አልተተረተረም። በዚህ መሐል የይመር ደንበኞች ሌላ ተሸካሚ ለመዱ። እሱ ግን አንድም ቀን «መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

ግንቦት 12 ቀን ሚስቱ ፋናዬ መጥታ ፊታቸው ቆመች።

«እትዬ፣ ባሌን ከጆንያው ጋር ሰፉት እንዴ? ወፍጮ ቤት ሥራ ተገኝቶለት፣ ፍርደኛ አንቀጥርም አሉን። ልጆቼ ወፍጮ አይተው አይጠግቡ!»

ይመር ከእትዬ ሙሚና ቀደመ።

«ተይ ፋናዬ፣ እትዬን አትናገሪያቸው። ስፌቴ ገና ነው።»

እትዬ ሙሚና ቀና ብለው አዩት። እሱ አቀርቅሮ ክሩን ይስባል፤ ስፌቱም እንደ ድንጋይ ጥብቅ ነው። ያን ጊዜ ለምን እንዳልለቀቁት ሲያውቅ እንደኖረ ገባቸው። ስድብ ቢሆን ይችሉት ነበር።

በማግስቱ፣ ሌሊቱን የሞቱበት ቀን መሆኑ ነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በአብነት ሰፈር በኩል ወደ ቀበሌው አዘገሙ። ጓድ ኃይለየሱስ ከወንበሩ ተነሣላቸው።

«በቃኝ» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«ስፌቱስ?»

«ከጠበቀ ቆይቷል።»

ጓድ ኃይለየሱስ መዝገቡን ስቦ ጻፈ። «ዕቃዎን ለማን ትተው መጡ ታዲያ?»

«ሌባዬ አለ አይደል?»

የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ሻይ ይምጣልዎት።»

«የለም፣ እየጠበቀኝ ነው። በጊዜ ቤቱ ይግባ» አሉና፣ ነፃ መውጣቱን ራሳቸው ሊነግሩት ወደ ጎጃም በረንዳ ተመለሱ።