ጂቱ ሬዲዮ ልትገዛ የወጣች ቀን

ሰንዳፋ ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ «ለጂቱ ውሰዱላት» ይባል ነበር። ሴት ልጅ ምን አውቃ ብሎ የሚስቅ ሁሉ፣ ሬዲዮው አፍ ሲያወጣ እሱ አፉን ይይዛል። ባል አላገባችም። ሽማግሌ ሲላክባት እንኳ ብየዳዋን ሳታቋርጥ ስለምታዳምጥ፣ እናቷ ወይዘሮ ሎሚ «ይቺ ልጅ የምትዳረው ለሽቦ ነው» እያሉ ያዝኑ ነበር። ሙያውን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ቀጀላ በዳዳ ነው። አዲስ አበባ ቴክኒክ ይማር ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እህትና ወንድም አንድ ሬዲዮ መሃላቸው አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውላሉ።

ቀጀላ በስልሳ ዘጠኝ፣ መጋቢት ላይ ጠፋ። ወታደሮች ሁለት ጊዜ ሰንዳፋ ድረስ መጥተው ቤቱን በረበሩት። ወረቀት የሚያባዛ ማሽን ጠግኖ ለፀረ አብዮተኞች ሰጥቷል አሉ። ከዚያ መምጣታቸውን ተዉ። እናትና ልጅ ይህን የተረዱት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ተይዟል ማለት ነው፣ የያዙትን ሰው ማን ይፈልጋል? ይህን ስሌት ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሱ ነው።

በዓመቱ፣ በሰባ ግንቦት፣ ጂቱ ዕቃ ልትገዛ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ መጣች። ኮተቤ ላይ ሁለት ጊዜ ተፈትሻ መገናኛ ወረደችና ወደ ሾላ ገበያ ገሰገሰች። ለእሷ ትልቁ በዓል ይህ ቀን ነው። ሌላው ከተማ ሲገባ ጫማና ጨርቅ ያማርጣል፤ ጂቱ ግን እህሉንም በርበሬውንም ድስቱንም ዓይኗን ሳትጥልበት አልፋ፣ ገበያው ጫፍ ጋሼ ዱቤ ጋ ትሄዳለች። ጋሼ ዱቤ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ አሮጌ ሬዲዮዎች ጆንያ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እሷ ጆንያው ዳር ቁጢጥ ካለች የሚያስነሳት የለም። ስፒከሩን በባትሪ ድንጋይ ነካ ታደርገዋለች፣ ኮሽ ሲል ፈገግ ትላለች። የተቃጠለውን ትራንዚስተር ከደህናው አሽትታ ትለየዋለች።

«ሰው በግ ሲገዛ እንኳ እንዲህ አያገላብጥም» አሉ ጋሼ ዱቤ።

«በግ ብሳሳት አርጄ እበላዋለሁ ጋሼ። ሬዲዮ ብሳሳት ምን አደርገዋለሁ?»

የመጨረሻውን ሬዲዮ ጀርባ ስትከፍት እጇ ቀጥ አለ። ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ በቀይ የስፌት ክር ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ታስሯል። ሌላው ጠጋኝ ፕላስተር ነው የሚለጥፍበት፤ በክር የሚያስሩት ቀጀላና ከቀጀላ የተማረችው እሷ ብቻ ናቸው። ማግኔቱ ላይም እንደ ልማዱ የጠገነበትን ቀን በእርሳስ ጽፎበታል፤ ግንቦት 4 ቀን 1970። ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ወንድሟ በሕይወት አለ።

«ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ካለው ቀበሌ አንድ አብዮት ጥበቃ ነው የሸጠልኝ። ሬዲዮ የሚጠግን እስረኛ አላቸው ይባላል። ምነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«እንግዲያው በዝግታ ያዢው፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ሰው ልከሽ አጣሪ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ምክር ማለት ይህ ነበር። እሷ ግን ሬዲዮዋን አቅፋ፣ ትልቅ ዳቦ ገዝታ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ መውጣት ጀመረች። ለእናቷ የምትነግራቸውን ቃል መንገድ ላይ እየደጋገመች ትለማመድ ነበር።

ቀበሌው የተወረሰ ቪላ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ከበበ የሚባል አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ለማን ነው?»

«ለቀጀላ በዳዳ።»

ዝርዝሩን አየና «እንዲህ የሚባል የለንም፤ ሂጂ» አላት።

እዚህ ላይ እግዜር በር ከፍቶላት ነበር። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅም። ሬዲዮዋን መሬት አስቀምጣ ጀርባውን ከፈተችና እንደ አስተማሪ አስረዳችው። «እየው፣ ይህ የእሱ እጅ ነው። ሬዲዮ የሚጠግንላችሁ ልጅ እሱ ነው፤ ቀጀላ ነው ስሙ።»

ከበበ ክሩን አየ፣ ጽሑፉን አየ፣ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ወጡ። ንጹሕ ልብስ የለበሱ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው።

«ግቢ እህቴ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አሏት። ወንበርም አስመጡላት።

ቀጀላ የተያዘው በአሰሳ ነው፤ ኪሱ የተገኘው መታወቂያ ግን ለይኩን የሚል የሌላ ሰው ስም ነበረበት። ወታደሮቹ ሰንዳፋ መመላለስ የተዉት ሰልችቷቸው እንጂ አግኝተውት አልነበረም። ቀጀላ በዳዳ የሚለው ስም አሁንም በተፈላጊዎች ዝርዝር ላይ ነበር፤ ከዝርዝሩ አንዱ ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።

«ለይኩንን ጥራው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ቀጀላ መጣ። ከስቷል፣ ጣቶቹ በብየዳ ተጠብሰዋል። እህቱን አየና ፊቱን ወደ ሊቀመንበሩ አዞረ።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም።»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ዝም ባለ። ጂቱ ግን ዱላው አእምሮውን ያሳተው መሰላት። «ቀጀላ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለችው። እንደማያውቃት ደገመ። በቤታቸው ቋንቋ በኦሮምኛ ለመነችው። ከዚያ ይባስ ብላ መታወቂያዋን አውጥታ ለሊቀመንበሩ ሰጠች። «የኔ አባት በዳዳ፣ የሱም አባት በዳዳ። የአንድ እናት ልጆች ነን። አሞት ነው እንጂ ያውቀኛል።»

ሊቀመንበሩ መታወቂያውን በጥንቃቄ አንብበው መለሱላት።

«ጥሩ እህት አለችህ፣ ቀጀላ» አሉት።

ወደ ውስጥ ሲወስዱት ወደ እሷ ዘወር ብሎ አየ፤ ቁጣ ብታይበት ይሻላት ነበር፣ ያየችበት ግን ማዘን ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ በር ድረስ ሸኟትና «የዛሬ ሳምንት ልብስና ምግብ ይዘሽ ነይ» አሏት። እሷም አመስግና፣ እጅ ነስታ ወጣች።

በሳምንቱ ወይዘሮ ሎሚ የጋገሩትን ድፎና ኮት ይዛ መጣች። ከበበ ኮቱን ዘርግቶ አየና መልሶ ሰጣት።

«አያስፈልገውም። ሁለተኛ አትምጪ።»

ኮቱን መልሳ ማጠፍ ጀመረች። ወጣቱ ትንሽ አዘነላት መሰለኝ፣ የማያስፈልግ ነገር ጨመረላት።

«ለይኩን እንደሆነ ቢቀር ኖሮ እኮ ሰኞ ከሚፈቱት ጋር ነበር። ሬዲዮ ስለሚጠግን ሊቀመንበሩ ራሳቸው ፈርመውለት ነበር።»

ከዚያ «ዳቦውን ግን ተይው» ብሎ ከእጇ ተቀበላት።