ከድሬዳዋ የመጣው ቀይ ካፖርት

ባለፈው ጥር ልጄ ቤቲ ከባሏ ጋር ከምትሠራበት ከዱባይ ትኬት ልካ፣ «እማዬ፣ ባሕር ሳታዪማ አትቀሪም» ብላ አሳፈረችኝና፣ የቱሉ ዲምቱን የኮንዶሚኒየም ደረጃ ስወጣ ሁለቴ ቆሜ የምተነፍሰው ሴትዮ፣ የሰፈራችንን ብሎክ በሚያስንቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ አራት ቀን ተንሳፈፍኩ። ሰዉ ከቁርስ ወደ ዋና፣ ከዋና ወደ ምሳ ሲመላለስ፣ እኔ ነፋሱ እንዳይወስድብኝ ነጠላዬን ጨብጬ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ፣ ቤቲ በሳቅ ስትፈርስ ሰነበትን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

በመጨረሻው ቀን መርከቡ ውስጥ ወዳለው ቀረጥ የማይከፈልበት ሱቅ ገባን። በማግስቱ ሦስታችንም ወደ አዲስ አበባ ስለምንበር፣ ከማጨሱ በቀር እንከን የማላወጣለት አማቼ ሰለሞን፣ ለራሱም ለጓደኞቹም ብሎ ሲጋራውን በስቴካ በስቴካ መደርደር ጀመረ። ሻጯ ልጅ ጉምሩክ ለአንድ መንገደኛ የሚፈቅደው ልክ እንዳለ፣ ከዚያ የበለጠው ሊወረስበት እንደሚችል ነገረችው። እሱም ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማማ፣ እርስዎ አያጨሱም፤ ድርሻዎን ልጠቀምበት። እነዚህን ሁለቱን ሻንጣዎ ውስጥ ያስገቡልኝ» ብሎ ስቴካዎቹን አስታቀፈኝ። ሳቅፋቸው ላስቲካቸው ተንኮሻኮሸ።

ያን ድምፅ ስሰማ እጄ ከዳኝ። ስቴካዎቹ ወለሉ ላይ ወደቁ፤ ፈረንጆቹ ዞር ብለው አዩኝ። «እማዬ! አመመሽ እንዴ?» አለች ቤቲ። «አልይዝም» አልኩ፤ «የሰው ሲጋራ አልይዝም።» ሰለሞን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ይቅርታ እየጠየቀ ሲለቅም፣ እኔ የስልሳ ዓመት ሴት፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዝናብ ላይ በስስ ቀሚስ የቆመችውን የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

በልጅነቴ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ አባቴ ደግሞ የጉምሩክ ፈታሽ። ከድሬዳዋ የሚመጣ ባቡር ሲያፏጭ ካኪ ኮቱን ቆልፎ፣ የከሰልና የሽንኩርት ጆንያ የሚወጋበትን ረጅም ወስፌ ይዞ ይወጣል፤ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ከዳቦ ሆድ ውስጥ ሲጋራ ያወጣል፤ ከማር ቆርቆሮ ሥር ሽቶ ያወጣል፤ አንዴ አንዲት ሴት ወገቧን ይዛ የምታቃስት እርጉዝ መስላው «እመቤቴ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ» ብሎ ካሳለፋት በኋላ፣ እርግዝናዋ ቀስ እያለ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ አይቶ፣ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እየሳቀ እንደያዛት እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር። ጉቦ አይበላም፤ ትውውቅ አያውቅም። በዚህም የተነሳ በትምህርት ቤት ስሜ «የፈታሹ ልጅ» ነበር፤ እናቶቻቸው ከድሬዳዋ የሚነግዱት ልጆች አብረውኝ ገመድ አይዘሉም።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም፤ ከሥራ ሲመለስ ያቅፈኛልና። ወስፌውን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ከመሬት ነቅሎ ያነሳኛል፤ ኮቱ የባቡር ዘይትና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ነበረው፤ ጺሙ ግንባሬን ይወጋኛል፤ እኔም ጣራ የነካሁ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ አንድ እህት ነበረችው፤ ሙሉነሽ፣ እኔ እቴቴ የምላት። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። አድጋ ድሬዳዋ ገባችና ቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በሰው መኪና ልብስ ትሰፋ ነበር። አራተኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት መጥታ ወሰደችኝ። ያ ክረምት እስከ ዛሬ በሕይወቴ ከሁሉ የሚጣፍጥ ነው፤ አሸዋማው የደቻቱ ወንዝ፣ በጋሪ መንሸርሸር፣ አምባሻና ሐብሐብ፣ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ስንተኛ በጆሮዬ የምትዘፍንልኝ ዘፈን።

ልንመለስ ስንል ካፖርት ሰፋችልኝ። ቀይ፣ ትልልቅ ጥቁር ቁልፍ ያለው፣ ለሦስት ዓመት እንዲያገለግለኝ ብላ ሰፋ ያደረገችው። ስለብሰው ትከሻዬን ተጫነኝ። «ይከብዳል እቴቴ» ስላት፣ «ደህና ልብስ ይከብዳል፤ ቀላል ልብስ የድሃ ነው» አለችኝ። አመንኳት። ሊትሪና የምንላት ፈጣኗ ባቡር አዋሽ ስትደርስ ሙቀቱ የብረቱን ወንበር እንኳ ሲያቃጥል፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ አላወልቅም ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሷም «ታጥፊዋለሽ፣ እንዳትደገፊው» እያለች ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። እዚያ የገቡት ፈታሾች ሻንጣ ሁሉ ሲያራግፉ፣ አንዱ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ፣ «የተሰማ ልጅ አይደለሽ? ሙሽራ መስለሻል» ብሎኝ አለፈ። እቴቴ እጄን አጥብቃ ይዛ ነበር። እጇ እርጥብ ነበር።

አቃቂ ስንደርስ ዝናብ ይጥላል። በመስኮት አባቴን አየሁት፤ አንዲት እትዬ ከድጃ የሚሏቸውን የስልጤ ነጋዴ አቁሞ፣ ከእቃቸው ያወጣውን የጨርቅ ጥቅል እያስመዘገበ ነበር። ባቡሩ ገና ሳይቆም ከወንበሬ ተነሳሁ። «ቀስ በይ! ከእኔ ጋር ነው የምትወርጂው!» ብላ እቴቴ ጮኸች፤ አልሰማኋትም። በሰው መሃል ተሹለክልኬ፣ «አባባ!» እያልኩ ሮጥኩ። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ወስፌውን ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ አነሳኝ።

ተንኮሻኮሽኩ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ የካፖርቱ ገበር መስሎኝ ነበር። እጆቹ ግን ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብሎ መሬት አቆመኝ። እኔን አላየኝም፤ በእኔ ትከሻ ላይ አልፎ፣ ከባቡሩ ደረጃ ላይ እግሯን አንስታ ወደቀረችው እህቱ አየ። የሰው ፊት እንደዚያ ደም ሲሸሸው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ተንበርክኮ ቁልፎቼን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር። እትዬ ከድጃ ገባቸው። ገና አሁን እቃቸውን የወሰደባቸው ሴትዮ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አቶ ተሰማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት። ልጅ ናት። እኔ አላየሁም» አሉት።

አባቴ ቀና ሳይል፣ «የእርስዎን ስወስድ ልጆች እንዳሉዎት አላውቅም ነበር እትዬ ከድጃ?» አለ።

በሰንጢ ገበሩን ሲቀደው፣ ከጥጡ መሃል ጎን ለጎን የተሰፋ የሲጋራ ፓኮ እየተንሸራተተ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ረገፈ። ከጀርባው፣ ከእጅጌው፣ ከደረቱ። እኔ ከላዬ ላይ ይህ ሁሉ መውጣቱን ማመን አቅቶኝ አያለሁ። ዓመት ሙሉ ያላናገሩኝ ልጆች እናቶች በባቡሩ መስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል፤ አንዳቸውም አልሳቁም። «አባባ፣ አላወቅኩም» አልኩ። እሱ የረገፈውን ፓኮ ይለቅማል። ያኔ ወደ እቴቴ ሮጥኩ፤ እሷ ትነግርልኛለች፤ «እሷ አታውቅም» ትላለች ብዬ ቀሚሷን ይዤ ቀና ብዬ አየኋት።

«ቀስ በይ እያልኩሽ ለምን ሮጥሽ?» አለችኝ።

ይህን ብቻ። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላዬ ጸሐፊው፣ «ጋሽ ተሰማ፣ ከማን ላይ ተያዘ ልበል?» ሲል ሰማሁ። አባቴ መዝገቡን ተቀብሎት ራሱ ጻፈ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝና፣ «ቤት ግቢ» አለኝ። እቴቴ በሁለት ፖሊስ መሃል ወደ ጣቢያው ቢሮ ስትገባ ወደ ኋላ አላየችም።

ስድስት ወር ተፈረደባት። አባቴ በየሳምንቱ እሁድ ስንቅ ይዞ ይሄዳል፤ ስንቁን ትቀበላለች፣ እሱን አታነጋግረውም። የተፈታች ቀን ከጠዋት ጀምሮ እስር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት በአጠገቡ አልፋ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። በቤታችን ስሟ ሲነሳ እናቴ ወሬ ትለውጥ ነበር። እኔን አባቴ አንድም ቀን አልተቆጣኝም፤ ደብተር ገዛልኝ፣ ትምህርት ቤት አደረሰኝ፣ ዳረኝ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አቅፎኝ አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ስሮጥለት መዳፉን ራሴ ላይ ያሳርፋል፤ እጆቹ ወደ ጎኔ መጥተው እንደ መሸሽ ይላሉ። ትንሽ ቆይቼ መሮጡን ተውኩት።

አባቴ ሲሞት፣ ባቡሩም ከቆመ በኋላ ነው፣ እቴቴ በአውቶቡስ መጣች። ጥርሷ ረግፎ፣ ወገቧ ጎብጦ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ በልቤ የኖረውን ጠየቅኳት። «እቴቴ፣ ለምን በእኔ ላይ?»

«የራሴ የስፌት መኪና አማረኝ» አለች። «ደግሞ ፈታሽ የገዛ ልጁን አይፈትሽም ብዬ።»

«አልፈተሸኝም እኮ» አልኳት። «አቀፈኝ እንጂ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ፍርድ ቤት ክሱ ሲነበብ፣ ሲጋራው ከተከሳሿ ሻንጣ ውስጥ ተያዘ ይላል። በወንድሜ እጅ የተጻፈ። ያንቺ ስም የለም። ያላየውን የማይጽፍ ሰው፣ አንቺን ከመዝገብ ለማውጣት ዋሸ። ዳኛው 'እውነት ነው?' ሲለኝ፣ አይደለም ብል በሐሰት መዝገብ እሱ ይታሰር ነበር። አዎ፣ ከሻንጣዬ ነው አልኩ።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽውም?»

«እስር ቤቱ በር ላይ አልፌው ስለሄድኩ አፈርኩ፤ ድሬዳዋ ድረስ እሱ ይምጣ ብዬ ስጠብቅ።»

አባቴም በረንዳው ላይ ሆኖ የድሬዳዋ ባቡር ባፏጨ ቁጥር ቀና የሚለው እሷ ትምጣ ብሎ ነበር። ሁለቱም እንዲህ ሲጠባበቁ ዕድሜያቸው አለቀ፤ በመካከላቸው የነበረው ግን የአንድ ቀን የባቡር መንገድ ብቻ ነበር።