ድሪ የመሰለኝ ጥለት

ዛሬ ሙሽራ ናት ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩላት ሴት ሐዘንተኛ ሆና ተገኘች።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እማማ አስካለ፣ በጃንሆይ ጊዜ በእርሳስ የተነደፈ የአንዲት ወጣት ምስል አሳዩኝ። የተሳለው በባቡር ጣቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው።

«እስቲ አንተ ምሩቁ፣ ምን ታያለህ?»

ሥራ ፍለጋ ድሬ ከገባሁ ሦስት ወሬ ነው፤ እስከ ዛሬ ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። (ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠራሁም።) ስለዚህ ተንተን አድርጌ መለስኩ። አንገቷ ላይ ድሪ አለ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋለች፣ ሙሽራ ናት አልኩ።

«አቦ፣ አራት ዓመት ሙሉ ይኼን ነው ያስተማሩህ?» ብለው ሳቁ። «ድሪ አይደለም፣ የነጠላዋ ጥለት ነው። ለሐዘን ዘቅዝቃዋለች።»

ምስሉ ላይ ያለችው ሴት ራሳቸው እማማ አስካለ ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ድሬን ለቀው ሊሄዱ ጣቢያ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ አንድ የማያውቁት የጣቢያው ጸሐፊ ምስላቸውን ነድፎ ሰጣቸው።

«መኖሬን ያየ ሰው አለ ብዬ ባቡሩን ተውኩት» አሉ።

«ከዚያ አገቡት?»

«ስሙንም አልጠየቅኩት።»

ለምን ዛሬ እንዳሳዩኝ ጠየቅኳቸው።

«ጠዋት ሻንጣህን ስትሞላ አይቼህ ነው፣ ልጄ።»

ሻንጣው አሁንም አልጋዬ ላይ ነው፤ አልዘጋሁትም፣ አልፈታሁትምም።

እናንተስ፣ ማንም አያየኝም ባላችሁበት ቀን ልብ ብሎ ያያችሁ ሰው ነበር? ጻፉልኝ፣ ዛሬ ሁሉንም አነባለሁ።