ለጎረቤት የተሰጠ ቃል

አያቴ በማርያም ብለው ሲምሉ ሰምቼ አላውቅም። ቃል ሲገቡ «ብያለሁ» ይሉና ያበቃል። «ክርስቲያን አንዴ አደርጋለሁ ካለ እግዜር ሰምቶታል፤ መሐላ ምን ያደርግለታል?» ይሉን ነበር።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጎረቤታችን ሙሐመድ ልጆቹን ይዞ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ሲሰደድ፣ አልጋ የያዙ እናቱን ለአያቴ አደራ ሰጠ። «እስክትመለስ ከእሳቸው አልለይም፤ ብያለሁ» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ የእኛም ጎተራ ተሟጠጠ። አጎቴ ሊወስደን ከከላላ መጣ።

«አባባ፣ እዚህ ከቀሩ ይሞታሉ» አላቸው።

«አሮጊቷን በቃሬዛ የሚሸከሙ ጉልበት ያላቸው ሰዎች በሰፈሩ አልቀሩም። እናንተ ሂዱ፣ እኔ እቆያለሁ።»

እያለቀስን ሄድን። ዝናቡ መጥቶ ስንመለስ ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ አያቴ ግን ከስተው ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ያገኙትን ቅጠላ ቅጠል ቀቅለው መጀመሪያ እሳቸውን ያጎርሷቸው እንደነበር አሮጊቷ ነገሩን። ሙሐመድ ተመልሶ እናቱን ሲያይ አያቴ እግር ላይ ወደቀ።

«ተነሥ ልጄ» አሉት። «ብቻዬን ብሆን እኔም አልተርፍም ነበር። ዱዓ እያደረጉ ያቆዩኝ እናትህ ናቸው።»

አያቴ ካረፉ ወዲህም ሙሐመድ ሊጠይቀን ይመጣል። እሳቸው ይቀመጡበት የነበረውን መደብ ብንለቅለትም ግን አይቀመጥበትም።