ሐጀራና ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች

ሐጀራ ሰው ቶሎ አታምንም። ሳሪስ ተወልዳ ያደገች የወሎ ሹፌር ልጅ ናት። አባቷ ጋራዥ የገባ መኪናቸው እስኪወጣ ድረስ ዕቃ እንዳይቀየርባቸው አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ጠባዩ ከእሳቸው የመጣ ይመስላታል። አቃቂ ውስጥ የበር ማጠፊያ የሚሠራ ፋብሪካ ገብታ ፕሬስ ማሽን ላይ ከቆመች ወዲህ ደግሞ ባሰባት።

ፕሬሱ ብረቱን በአንድ ምት ነው የሚቀጠቅጠው። እጅ እንዳይገባበት የሚከልል መከለያ አለው፤ ግን ሥራ ያዘገያል ተብሎ ተፈትቶ መጋዘን ተቀምጧል። የሚወጣው የከተማው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ጠዋት ፎርማኑ ሳህሌ መከለያውን ያስገጥማል፣ ጓንት ያድላል። ረፋዱ ላይ ተቆጣጣሪው ነቢዩ ይመጣል፣ ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ መከለያው ይፈታል፣ ጓንቱም ይሰበሰባል። ሐጀራን የፋብሪካው ሰዎች መምጣቱን ቀድመው በምን እንደሚያውቁ ሁልጊዜ ያብሰለስላት ነበር።

አጠገቧ ትሠራ የነበረችው ዲንቄ ሁለት ጣቶቿን ያጣችው በዚሁ ማሽን ነው። ሳህሌ ሆስፒታል እየወሰዳት፣ "የመኪና በር ቆረጠኝ በይ፣ ሥራሽን እንዳታጪ" አላት። እሷም እንደተባለችው አለች፤ ሥራዋ ግን አልቀረላትም። ከዚያ ነቢዩ ሲመጣ መከለያው ቦታው ላይ ነበር።

"ችግር አለ?" አላት ሐጀራን።

ሳህሌ ከኋላው ቆሞ ያያታል። "የለም" አለች።

ሲወጣ በመስኮት በዓይኗ ተከተለችው። የፋብሪካው ነጭ ፒክአፕ ውስጥ ገብቶ ሄደ። በቃ፣ ጉቦ በልቷል ብላ ደመደመች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮዬ ፈጬ፣ ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር አንዲት ሴት ጠበቀቻት። ሮዳስ እባላለሁ፣ የመጣሁት ከፌዴራል ነው አለቻት። ሥራዋ የከተማው ተቆጣጣሪዎች በትክክል መቆጣጠራቸውን ማጣራት ነው።

"ተቆጣጣሪን የምትቆጣጠሩ ናችሁ?" አለች ሐጀራ።

"እንደዚያ ነው።"

"እናንተንስ ማን ይቆጣጠራችኋል?"

ሮዳስ አልሳቀችም። "እሱን መጠየቅዎ ተገቢ ነው" አለችና መታወቂያዋን አወጣች። ሐጀራ አገላብጣ አይታ መለሰችላት። መታወቂያ ማሠራት ለማን ይከብዳል?

"ቤቴን ማን አሳየሽ?"

"ዲንቄ። አቤቱታ አስገብታ ነበር፤ ሌላ ምስክር እንዳለ ስጠይቃት እርስዎን ነገረችኝ።"

ሐጀራ በሆዷ ዲንቄን ረገመቻት። ሴትዮዋ የፋብሪካው ሰላይ ብትሆንስ? እምቢ ብላ ልትገባ ስትል አንድ ነገር መጣላት። "የብረት መቁረጫው ማሽን ነው ችግር ያለበት፣ መከለያው ላልቷል" አለቻት። ውሸቷን ነው፤ መቁረጫው ደህና ነበር። ወሬው ሳህሌ ጆሮ ከደረሰ መቁረጫውን ሊያይ መሮጡ አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ ዓይኗ ከሳህሌ አልተነቀለም። መቁረጫው አጠገብ ሲያልፍ ሥራዋን አቁማ ታየዋለች፤ እሱ ግን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። ሐጀራ ሮዳስ ትታላት ወደ ሄደችው ቁጥር ደወለች።

"ቀድሞ የነገርኩሽ ውሸት ነው፣ አንቺን ልይሽ ብዬ ነው" አለች። "ፕሬሱን እዪ። ስትመጪ ለማንም አትደውዪ፤ ለከተማዎቹም።"

ሮዳስ፣ "ገባኝ" አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮዳስና ነቢዩ በባጃጅ መጡ። ዘበኛው ግራ ተጋብቶ አስገባቸው። ሳህሌ ሲያያቸው ወደ መጋዘኑ ሮጠ፤ ሮዳስ ተከተለችው። መከለያውን ተሸክሞ ሲወጣ በር ላይ አገኘችው። ፕሬሱ ወዲያው እንዲቆም ተደረገ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ነቢዩ ሐጀራ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ላብ አጥምቆታል። በዚያን ዕለት ጠዋት ሮዳስ ተነስ ከማለቷ በቀር ወዴት እንደሚሄዱም አልተነገረውም።

"ጉቦ አልበላሁም፣ እህቴ" አላት አስተያየቷ ገብቶት ቀስ ብሎ። "ቢሯችን መኪና የለውም። ወደ ፋብሪካ ስንወጣ ለፋብሪካው ደውለን መኪና ላኩልን እንላለን።"

እንዲህ ነበር ለካ የሚያውቁት። ሐጀራ ያን ያህል ጊዜ የተብሰለሰለችበት ነገር አንድ የስልክ ጥሪ ሆኖ ተገኘ። ግን አላዘነችለትም።

"የዲንቄስ ጣት?"

"ሪፖርት አልደረሰኝም።"

"ጠይቀህ ነበር?"

ነቢዩ ዞር ብሎ ወደ ቆመው ፕሬስ ሄደ።

መከለያው እንዳይፈታ ሆኖ ተበየደ። የዲንቄ ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ ተብሎ ተመዘገበ፤ እሷም ተመልሳ ማሸጊያ ክፍል ገባች። የከተማው ቢሮ ከእንግዲህ በፋብሪካ መኪና መሄድና ቀድሞ መደወል ተከለከለ። ነቢዩ ከቦታው አልተነሳም፤ አሁን ሲመጣ በታክሲ ነው፣ ዲንቄንም ቆሞ ያናግራታል። ከልቡ ይሁን ለይምሰል ለሐጀራ ገና አልለየላትም።

ሳህሌ ደግሞ ሁሉንም ይጠረጥራል። አንድ ቀን ምሳ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ "ከውስጥ የነገራቸው ሰው አለ" አላት።

"ይሆናል" አለችና መብላቷን ቀጠለች።

ባለፈው ሰሞን ሮዳስ ደውላ፣ የከተማው ቁጥጥር እንደተባለው እየሄደ መሆኑን ጠየቀቻት።

"በስልክ አልነግርሽም" አለች ሐጀራ። "መጥተሽ በዓይንሽ እዪ።"

ሮዳስ እመጣለሁ አለች። ቀኑን ግን አልነገረቻትም፤ ሐጀራም አልጠየቀቻትም።